የሉሴርን ሐይቅ የመርከብ ጉዞ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«ስዊዘርላንድ ስንደርስ በሉሴርን ሐይቅ ላይ የአንድ ሰዓት ሽርሽር ይበቃናል ወይስ ረጅሙን ጉዞ እንያዝ?» (ባልና ሚስት፣ ከፍራንክፈርት)

ረጅሙን ያዙ። ይህ ሐይቅ በተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄድና ከአንድ ስፍራ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የማይታይ በመሆኑ፣ ከከተማው ወጥቶ ቶሎ የሚመለስ መርከብ የሚያሳያችሁ ሰፊውንና ዳርቻው ለስለስ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ብሩነን ከምትባለው ከተማ ሲታለፍ ግን ሐይቁ በድንገት ወደ ደቡብ ታጥፎ የኡሪ ሐይቅ ወደሚባለው ጠባብ ክንፍ ይገባል፤ በዚያ ገደሉ ከውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ በስተቀኝም እ.ኤ.አ. በ1291 የሦስት አውራጃዎች ሰዎች ቃል ኪዳን እንደተጋቡበት የሚተረከው የሩትሊ መስክ ይታያል። እኔ ስለ ሉሴርን ሐይቅ ስጠየቅ ዘወትር የማስበው ይህን ክንፍ ነው፤ ሳያዩት መመለስ ያስቆጫል። እስከ መጨረሻው ወደብ እስከ ፍሉለን ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በመርከብ ሄዳችሁ ከወደቡ አጠገብ ካለው ጣቢያ በባቡር ብትመለሱ ቀኑ አያጥርባችሁም።

«በእንፋሎት የሚሠሩት የጥንት መርከቦች የሚለዩት በመልክ ብቻ ነው?»

አይደለም። አምስቱም በጎናቸው ባለው መንኮራኩር ውኃውን እየቀዘፉ የሚሄዱ ሲሆን፣ ቀዳሚው «ኡሪ» እ.ኤ.አ. በ1901፣ የመጨረሻው «ሽታት ሉሴርን» በ1928 ሥራ ጀምረዋል። የሞተሩ ክፍል ከላይ ክፍት ስለሆነ ተሳፋሪው አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ሲመለከት፣ የተወለወሉት የብረት ክንዶች እየተመላለሱ ወፍራሙን ዘንግ ሲያዞሩ ያያል፤ የትኩስ ዘይቱ ሽታም እስከ ላይ ይመጣል። ልጆች ካሉዎት መጀመሪያ ወደዚያ ይውሰዷቸው። የትኛው ጉዞ በእንፋሎት መርከብ እንደሚደረግ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ተለይቶ ስለሚጻፍ፣ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ይመልከቱት።

«የባቡር ትኬታችን በመርከቡ ላይ ይሠራል?»

ለጎብኚዎች የሚሸጠው የስዊስ ትራቭል ፓስ ይሠራል፤ የግማሽ ዋጋ ካርድ ያለውም እኩሌታውን ይከፍላል። የላይኛው ደርብ ለአንደኛ ማዕረግ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

«ከአዲስ አበባ የሚመጡ አረጋዊት እናቴን ከፍታውና ብርዱ ይጎዳቸው ይሆን?» (ከዙሪክ)

ከፍታው አያሳስብዎ፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 434 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አዲስ አበባ እጅግ ትበልጠዋለች። መጠንቀቅ የሚገባዎት ለነፋሱ ነው። በበጋም ቢሆን መርከቡ ሲንቀሳቀስ ደጁ ስለሚበርድ ጋቢያቸውን ይያዙላቸው፤ ከመስኮት አጠገብ ውስጥ ቢቀመጡም ተራራው አይቀርባቸውም። ፎን የሚባለው ከደቡብ የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ እንደሚነሣ ከተተነበየ ግን በኡሪ ሐይቅ በኩል ማዕበሉ ስለሚበረታ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያሳልፉት።