ኪቱን ከመግዛትህ በፊት የካምቢዮ ዘይትህን አፍስስ

ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። የ1996 ላንድሮቨር ዲፌንደር፣ 300 ቲዲአይ ሞተር። ማርሽ ስትቀይር ክንድህ ሩቅ ይሄዳል፣ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ሲገባ ይጮኻል፣ «አጭር ማርሽ ኪት ባስገባ ይስተካከላል ወይ?» ነው ያልከው። ባጭሩ፣ የእጅህን መንገድ ያሳጥርልሃል፤ ጩኸቱን አያድንልህም። ረጅሙን መልስ ቡና ይዘህ አንብበው።

በድጅኖ ድንጋይ ፈንቅለህ ታውቃለህ አይደል? የማርሽ እጀታም ድጅኖ ነው። ከመደገፊያው በላይ ያለው ረጅም ክንድ በእጅህ ነው፣ ከታች ያለው አጭሩ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ገብቶ ማርሽ የሚቀይረውን ዘንግ ይገፋል። ኪቱ የታችኛውን ክንድ ያስረዝመዋል። ለምሳሌ ላዩ 40 ሳንቲ፣ ታቹ 8 ሳንቲ ቢሆን፣ ዘንጉን 3 ሳንቲ ለመግፋት እጅህ 15 ሳንቲ ይሄዳል። ታቹን 10 ሳንቲ ብታደርገው እጅህ 12 ብቻ ይሄዳል። ደስ ይላል። ግን ጉልበቱም በሩብ ይጨምራል። በነፃ የሚመጣ ነገር የለም። ሻጮች ይህቺን ሁለተኛዋን አይነግሩህም።

የእኔን ኪት ወንድሜ ከለንደን በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ገጠምኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቀን ነዳሁት፤ የስፖርት መኪና የያዝኩ መሰለኝ። ከዚያ ለሥራ ወጥቼ ደብረ ብርሃን አደርኩ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪናው ተነሳ፣ አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ግን እምቢ አለ። ድሮ እየገፋሁ አስገባው ነበር፤ አሁን እጀታው የበለጠ ጉልበት ስለሚፈልግ በሁለት እጅ መጫን አማረኝ። በመጨረሻ በጩኸት ገባ። ጣርማ በር እስክደርስ ድረስ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመቀነስ ፈራሁ። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ስመለስ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኪቱን ዞር ብለው አላዩትም። «ካምቢዮው ውስጥ ምን ዘይት ነው ያለው?» አሉኝ። ያስቀየርኩበት ጋራዥ 90 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ነው የሞላው። ችግሩ እሱ ነበር። ይህ ካምቢዮ፣ አር 380 የሚባለው፣ ቀጭን ዘይት ነው የሚወደው። ፋብሪካው ኤምቲኤፍ 94 ይላል፤ እሱ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቀዩን የአውቶማቲክ ዘይት ይጠቀማል። 90 የሚጠጣው ከኋላው የተገጠመው ትራንስፈር፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሁለቱ ተያይዘው ስለተቀመጡ ብዙ ጋራዥ ለሁለቱም አንድ ዘይት ይሞላል። ወፍራም ዘይት በብርድ ጊዜ ሲንክሮውን፣ ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለውን ቀለበት፣ አያሠራውም፤ በተለይ ሁለተኛን። ዘይቱ ተቀየረ። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ተመልሼ አደርኩ፤ ጠዋት ሁለተኛ ዝም ብሎ ገባ።

ስለዚህ አንተም መጀመሪያ ዘይቱን ቀይር። ሦስት ሊትር ብትገዛ ይበቃሃል። ማፍሰሻውን ከመንካትህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈትተህ እርግጠኛ ሁን። አፍስሰህ ስትጨርስ መሙያው አልፈታ ቢልህ መኪናህ እዚያው ቆመ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ እየገቡ፣ ሲነሳ ግን ሁሉም ከከበዱ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ረግጠህ ማርሹ ከቀለለ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ፓምፕ እይ። ችግሩ ሁለተኛ ላይ ብቻ፣ ያውም ዘይቱ ትክክል ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከሆነ፣ ሲንክሮው አልቋል። ያኔ ኪት መግጠም ነገር ማባባስ ነው። እጅህ ይፈጥናል፣ ሲንክሮው አይደርስም።

ሁሉም ደህና ሆኖ እጀታው ብቻ እንደ ገንፎ ማማሰያ ከዞረብህ፣ ከእጀታው ሥር ያለችው ፕላስቲክ ኳስ ተበልታለች። እሷን ብቻ መቀየር ግማሹን ችግር ይፈታል። አብሮ የሚረሳው ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ሞላዎች ናቸው። ፎሌ ላይ ስትሆን (ምንም ማርሽ ሳይገባ) እጀታውን በሦስተኛና በአራተኛ መስመር የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። በአር 380 የኋላ ማርሽ ከአምስተኛ ቀጥታ በታች ነው። ሞላው ከደከመ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ስትቀንስ እጅህ ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። ሁለቱም ሞላዎች የእጀታውን ፒን እኩል እስኪነኩ ድረስ አስተካክልና መቆለፊያ ዳዶዎቹን አጥብቅ። እኔ ይህን የሠራሁት ኪቱን ከገጠምኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ብሠራው ኪቱን ላላዝዘው እችል ነበር።

አሁንም ልግጠም ካልክ፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ምንጣፉንና የመሀሉን ሽፋን ማንሳት ነው ጊዜ የሚፈጀው፤ ቪቲዎቹ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ዝገዋል። የላይኛው እጀታ ከታቹ ጋር በጥርስ ነው የተያያዘው፤ ከመንቀልህ በፊት በቀለም ምልክት አድርግበት። ካምቢዮው ሲከፈት ወዲያው ንጹህ ጨርቅ ድፈንበት። እኔ አልደፈንኩም። አንዲት ሮንዴላ ገባችብኝና ማግኔት በሽቦ አስሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓሣ አጠመድኩ። ኳሷን ግራሶ ቀብተህ ግጠም። ከላይ የሚመጣው ጎማ ሽፋን በደንብ መቀመጡንም እይ፤ ካልተቀመጠ ሙቀቱም አቧራውም ጩኸቱም መኪናው ውስጥ ይገባል።

የእኔ ኪት እስከ ዛሬ አልወጣም። አስፋልት ላይ እወደዋለሁ። ድንጋይ መንገድ ላይ ግን አንዳንዴ ያበሳጨኛል፤ መስመሮቹ ስለተቀራረቡ መኪናው ሲዘል ሦስተኛን ፈልጌ አምስተኛ ይገባል። ባለቤቴ ደግሞ «ይሄ ማርሽ ክንድ ይፈልጋል» ብላ ቁልፉን መለሰችልኝ።

ገንዘብ ከመላክህ በፊት ለሻጩ የኋላ ማርሽህ የት እንዳለ ንገረው። በቀኝ ወደ ኋላ ከሆነ አር 380 ነው። በግራ ከአንደኛ ጎን ወደ ፊት ከሆነ አንድ ሰው የድሮውን ኤልቲ 77 ገጥሞልሃል፤ ኪቱም ሌላ ነው። ዘይቱን ስታፈስ ደግሞ አሽትተው። ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ከሸተተ 90 ነው፤ ኪቱን ለጊዜው ተወውና ፎቶውን ላክልኝ።