94 ገጽ ቴሲስ ወደ ጆርናል፦ ለሲስተር ጥያቄ ከልምዴ

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ከዲዩቲ ስወጣ ነው። እዚሁ ሐዋሳ በአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ የአስታማሚዎችን ድብርት አጥንተሻል። ዲፌንሱንም አልፈሻል። አሁን 94 ገጽ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ይዘሽ «ከየት ልጀምር? የትኛው ጆርናል ይሻለኛል? የማሳተሚያ ክፍያውንስ ከየት አመጣለሁ?» ብለሻል። አንቺ ማለቴን ፍቀጂልኝ፣ እንደ እህት ነው።

እኔም የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ በሦስተኛው ነው የታተመው። የምነግርሽ በአብዛኛው ከሁለቱ መመለስ የተማርኩትን ነው።

በቅድሚያ ቴሲሱን ዝጊው። ብዙዎቻችን 94ቱን ገጽ እየቆረጥን 15 ስናደርሰው ማኑስክሪፕት (ለጆርናል የሚላክ ጽሑፍ) የሆነ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። የመጀመሪያው ጆርናል ለሪቪወር (ጽሑፉን ለሚገመግም ባለሙያ) እንኳ ሳያሳልፍ በሳምንቱ መለሰልኝ። ቴሲስ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው፤ ሁሉን እንደምታውቂ ማሳየት አለብሽ። ጆርናል ላይ የምታነብሽ ግን ነገ ጠዋት ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ፊቷ የምትቆም ነርስ ናት። ለዚያች ነርስ አንድ ነገር ብቻ መንገር ብትችይ ምን ትያት ነበር? ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። በአማርኛ ጻፊው። በእንግሊዝኛ ከጀመርሽ የለመድናቸው ቃላት ይመጡና ምንም ሳትይ ገጹ ይሞላል።

ለምሳሌ ያገኘሽው «ያለ አጋዥ ብቻቸውን የሚያስታምሙ ሰዎች ላይ ድብርቱ ይበረታል» የሚል ነው እንበል። እንግዲያው ኢንትሮዳክሽኑ ወደዚያ ይሂድ። በዓለም ይህን ያህል፣ በአፍሪካ ይህን ያህል፣ በኢትዮጵያ ይህን ያህል እያልን የምንደረድረውን ቁጥር ተዪው፤ ኤዲተሮች ሰልችቷቸዋል። አራት አንቀጽ ይበቃል። ከሠንጠረዦችሽም ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚደግፉትን ሁለት ወይም ሦስት አስቀሪ።

አሁን በጣም ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ። ሁለተኛው ጆርናል ሲመልስልኝ አንዱ ሪቪወር የጠየቀኝን እስካሁን አልረሳሁትም። እንዳንቺ ፒኤችኪው-9 (ድብርትን የሚለካ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ) ነበር የተጠቀምኩት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ። ሪቪወሩ «ለዚህ ጥያቄ አዎ ያሏችሁን ሰዎች ምን አደረጋችኋቸው?» አለኝ። እኛ ዝም አላልንም ነበር። መረጃ የሰበሰቡት ነርሶች ናቸው። አዎ ያለውን ሰው በዚያው ሰዓት ይዘው ወደ ሐኪም አድርሰዋል። ግን ጽሑፉ ላይ ስለዚህ አንድም መስመር አልነበረም። ቻርት ላይ «ያልተመዘገበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» እንባባል የለ፣ እዚህም ያው ነው።

ስለዚህ የኤቲክስ ክፍልሽን በአንድ መስመር አትለፊው። የፈቃድ ደብዳቤ ቁጥር ብቻ አይበቃም። አስታማሚዋን የት አነጋገርሻት? የታመመው ልጇ አጠገብ ነው ወይስ ለብቻዋ? እምቢ ብትል የልጇ ሕክምና እንደማይጓደል ማን ነገራት? የፒኤችኪው-9 ነጥቧ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነች ሴት ከቃለ መጠይቁ በኋላ ወዴት ሄደች? እነዚህን አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ስጪያቸው። የአእምሮ ጤና ነርስ ያጠናችው መሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

መጠይቁን በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቅሽም በግልጽ ጻፊ። የአማርኛው ፒኤችኪው-9 አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተገልጋዮች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እሱን ጥቀሺ። በሲዳሙ አፎ ከጠየቅሽ ግን ያ ማስረጃ አይሸፍንሽም። ማን ተረጎመው? መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያየውስ ማን ነው? (መድኃኒት አወሳሰድ ላይ የምትሠሩ ሌሎቻችሁ፣ የሞሪስኪን ባለ ስምንት ጥያቄ መጠይቅ ያለ ፈቃድ አትጠቀሙ። በዚህ ምክንያት ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ ጽሑፎች አሉ።)

ቋንቋው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። «ስኪዞፍሬኒክስ» አትበዪ፣ «ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች» በዪ። ሰውየው ከሕመሙ ይቀድማል። ሌላው፣ ጥናትሽ በአንድ ጊዜ የተወሰደ ክሮስ ሴክሽናል ነው። «አመጣ» ወይም «አስከተለ» ማለት አትችይም፣ «ተያይዞ ታይቷል» ነው የሚባለው። ኤኦአር (የተስተካከለ የኦድስ ንጽጽር) 2.8 ቢወጣልሽም «ለድብርት የመጋለጥ ዕድላቸው 2.8 እጥፍ ነው» ብለሽ አትጻፊ። ኦድስ (ያለባቸው ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ) ነው እንጂ ሪስክ (ያለባቸው ከጠቅላላው ሲሰሉ) አይደለም። ድብርቱ በብዙዎች ላይ የታየ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል።

ከዚያ የስትሮብን ቼክሊስት (እንዲህ ያለ ጥናት ሲጻፍ መካተት ያለባቸውን ነገሮች ዝርዝር) አውርጂ። 22 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ የት ገጽ ላይ እንደተመለሰ ምልክት አድርጊ፤ ብዙ ጆርናሎች ራሳቸው ይጠይቁሻል። መረጃ የሰበሰብሽበትን ወር ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየርም አትርሺ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይዞ የተላከ ጽሑፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የደራሲ ስም ላይ ቀድመሽ ተነጋገሪ። አድቫይዘሮችሽ ሠርተዋል፣ ይገባቸዋል። ነገር ግን ረቂቁን ያላነበበና የመጨረሻውን ቅጂ ያላጸደቀ ሰው ደራሲ አይሆንም። መረጃ የሰበሰቡትን ምስጋና ላይ አስገቢያቸው። ይህን ከላክሽ በኋላ ማንሳት ያጣላል።

ጆርናል ምርጫ ላይ፦ ከጠቀስሻቸው ጽሑፎች መካከል አምስት ስድስቱ የታተሙበትን ተመልከቺ፤ ቤትሽ እዚያ አካባቢ ነው። «ቢኤምሲ ነርሲንግ» እና «ቢኤምሲ ሳይካትሪ» ከኢትዮጵያ ብዙ ያትማሉ። ከአገር ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲው «ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኸልዝ ሳይንስስ» አለ። «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ በሦስት ቀን አትማለሁ የሚል ኢሜይል ከመጣልሽ ግን አትመልሺለት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ቦታ ከፍሎ አሳተመ። ዌብሳይቱ ሲዘጋ ሥራው አብሮ ጠፋ። ሁለት ዓመት የለፋበት ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ትልልቅ ኦፕን አክሰስ (አንባቢ በነፃ የሚያነብባቸው) አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚቀየር የምትልኪበት ቀን ገጻቸውን እይ። ጥያቄውን ደግሞ ስትልኪ ነው የምታቀርቢው። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቂ ቢኤምሲ አይሰማሽም። በሰብስክሪፕሽን (አንባቢው ከፍሎ በሚያነብበት) መንገድ የሚያትሙትም አሉ። እነሱ ጋ ኦፕን አክሰስ ካልመረጥሽ አትከፍይም።

ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ እዚሁ ለጥፊያት። ሐሙስ ዲዩቲ የለኝም፣ አብረን እናያታለን።