ጅራቷ ላይ የተቀመጠችው አውሮፕላን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር ቤቴ መጥቶ መደርደሪያዬ ላይ ያለችውን አውሮፕላን ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ፈጀ?» አለኝ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት» አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

እሱ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። ካልጋው ሥር ሦስት ካርቶን አለው፤ አንድ ታንክ፣ አንድ መርከብ፣ አንድ መኪና። ሁሉም በሰው ሻንጣ ከዱባይ የመጡለት ተገጣጣሚ ሞዴሎች ናቸው። ሁሉም ተጀምረው ቆመዋል። «ሰነፍ ነኝ መሰለኝ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ይሄን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለምትመስሉ ልጆቼ ነው። ስንፍና የምትሏትን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓትና የኔን ጉድ ስሙ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። በ1979 ዓ.ም. ገና ጀማሪ ሳለሁ የምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች አብረውን ነበሩ። አንደኛውን «ጓድ ኢንጂነር» እንለው ነበር። ያኔ ጓድ ያልሆነ ማን አለ? ሰውየው ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ አንድ ካርቶን ሰጠኝ። ላይዋ ላይ ኢሊዩሺን 62 ተስላለች፤ አራት ሞተሮቿን ጅራቷ ጋ የታቀፈች የሶቪየት የመንገደኞች አውሮፕላን። ሞዴሉን የሠራው ፕላስቲካርት የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካ ነው። ልኬቱ 1:100 ነው። እውነተኛዋ 53 ሜትር ስለምትረዝም የኔዋ 53 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ካርቶኑን ስከፍት ክንፉ፣ ጎማው፣ ሞተሩ ሁሉ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ቃሪያ ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱን በምላጭ ቆርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በሙጫ ማጋጠም ነው።

በሦስት ማታ ገላዋን አጋጠምኩ። ሁለቱን ግማሽ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ሙጫ ቀብቼ፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳደርኩ። ክንፍ ገባ። ሞተሮቹ ገቡ። አራተኛው ማታ ጎማዎቿን ተክዬ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳት። ቀስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ጣራው አነሳችና ጅራቷ ላይ ቁጭ አለች። እንደ ውሻ ቁጢጥ አለች ብላችሁ ይቀላል።

ነገሩ ቀላል ነው። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ነው፣ ከፊት ባዶ ነው። ገላዋን ከመግጠሜ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ማስገባት ነበረብኝ። መመሪያውን ግን ሥዕል ሥዕሉን ብቻ ነው ያየሁት። መካኒክ ነኛ! መካኒክ መመሪያ ያነባል እንዴ?

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ትንሽ አጽናንቶኛል። እውነተኛዋም አውሮፕላን ይሄው አመል ነበረባት። ሰውና ጭነት ሳትይዝ ቆማ ጅራቷ እንዳይወርድ መሐንዲሶቹ ከኋላ በኩል ታጥፋ የምትገባ ባለጎማ ትንሽ እግር ሠርተውላታል። ስትቆም ትዘረጋለች፣ ስትበር ትሰበሰባለች። እንዲያ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት መደገፊያ ሲያበጅ ያላፈረበትን ነገር እኔ አፍሬበት ካርቶኑን ዘጋሁ።

ካርቶኗ ከዚያ በኋላ አልጋ ሥር ገባች። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። ቀለም የለም። ሙጫው ቱቦው ውስጥ ደርቋል። የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። መንግሥት ተለወጠ። ልጅ ተወለደ፣ ሁለተኛ ተወለደ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ካርቶኑን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት በነሱ ምክንያት አልነበረም። ስከፍት ያቺን ቁጢጥ ያለች ጅራት ስለማይ ነው። ጥፋቴ ነበረች። የተዘጋ ገላ መልሶ መክፈት ደግሞ ሥራን ማበላሸት መሰለኝ።

የሚያናድደኝ፣ ይህንኑ ነገር ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ እያየሁ ለራሴ አለመጠቀሜ ነው። የቆመ ማሽን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሳምንት ሰው ሁሉ የጎደለውን ያውቃል። «ቦሎኒ ነው» ይላል፣ ወይ «ኩሽኔታ ነው»። ሦስት ወር ሲቆይ የቦሎኒው ነገር ይረሳና «ያ ማሽን አርጅቷል» ይባላል። ዓመት ሲሞላው ሰው ዕቃ እየፈታ ይወስድበታል። እኔ ክፍል ኃላፊ ስሆን ያወጣሁት አንድ ደንብ ነበር። ማሽን ሲቆም በካርቶን ቁራጭ ላይ ምን እንደጎደለው ጽፈህ አንገቱ ላይ ታንጠለጥላለህ። «ተበላሽቷል» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ የዕቃውን ስም ነው የምትጽፈው። ሠራተኞቹ «የማሽን ክታብ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይሾፉ። ብዙ ማሽን በዚያ ክታብ ተነስቷል።

ለእህቴ ልጅ ያልኩትም ይሄንኑ ነው። ሂድና ሦስቱንም ካርቶን ክፈት። ክዳኑ ላይ እጅህ የቆመበትን ቦታ በአንድ መስመር ጻፍ። «ጊዜ የለኝም» ብለህ እንዳትጽፍ። ማታ በስልክ ደወለ። ታንኩ፦ የሰንሰለቱ አንድ ቁራጭ ጠፍቷል። መኪናው፦ መስታወቱ ነጭ ጉም ለብሷል። መርከቡ ላይ ዝም አለ። «እሱን መጀመሪያም አልወደድኩትም» አለኝ በመጨረሻ። ግሩም! ያንን ለሚወደው ስጠው አልኩት። የተጀመረ ሁሉ ማለቅ አለበት የሚል ሰው እኔ አይደለሁም።

የመኪናውን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምትሠሩት ልናገር። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተነው ነገር ብርሃን የሚያስተላልፈው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል። ለመስታወት የሚሆነው ነጩ ኮላ ነው። የጎመመውን ደግሞ በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ፍቆ፣ በጥርስ ሳሙና ማሸት ነው። ልጁ በሁለት ማታ አጠራው። ሁለት ዓመት ያስቆመው ነገር የሁለት ማታ ሥራ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው ከተማውን ለቀን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቴሌቪዥን የለም፣ ፍራሽ የለም፣ የጤፍ ጆንያ የለም። የኔ ካርቶን ግን አለ። ተገልብጦ ውስጡ ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሷል። ማን ይወስደዋል? ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ «ቤቱ ባዶ ቀርቶ አንተ ፕላስቲክ ትለቅማለህ?» አለች። ልክ ነበረች። ለቀምኩ ግን። ቆጥሬ ስጨርስ የጠፋችው የፊት ጎማዋ እግር ብቻ ናት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2016፣ የራሴን ክታብ ክዳኑ ላይ ጻፍኩ፦ «አፍንጫዋ ባዶ ነው፤ የፊት እግር የላትም»። እዚያ ጋ ሳየው ነገሩ ትንሽ ሆነብኝ። ወደ አንድ ጎሚስታ ሄድኩ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ላይ ስለሆነች ጎሚስታ በየመቶ ሜትሩ አለ። ለጎማ ባላንስ የሚለጠፉትን ክብደቶች ታውቋቸዋላችሁ። አዲሶቹ ብዙዎቹ ብረት ወይም ዚንክ ናቸው። የድሮዎቹ ግን እርሳስ ስለሆኑ ትንሿ ቁራጭ ብዙ ትመዝናለች፣ በመዶሻም ትታዘዛለች። ጎሚስታው ከወለሉ እፍኝ ሙሉ ለቅሞ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ሰበብ የፈጠርኩ መሰለው።

ስንት እንደሚበቃ በግምት አትሂዱ። አውሮፕላኗን በኋላ ጎማዎቿ ላይ ብቻ አሳርፌ፣ እርሳሱን ከውጭ አፍንጫዋ ላይ በፕላስተር እያሰርኩ ጨመርኩ። ወደ ፊት ስትደፋ አንድ ቁራጭ ለመተማመኛ አከልኩ። ከዚያ የፊት ጎማ በሚገባበት ጉድጓድ በኩል በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍቼ አንድ በአንድ አስገባሁ። ገላዋን መሰንጠቅ አላስፈለገም። ሠላሳ ሰባት ዓመት የፈራሁት ቀዶ ጥገና በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እርሳስን በነጭ ኮላ አታጣብቁ። ኮላው ውስጥ ያለው አሲድ እርሳሱን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ እርሳሱም እየተነፋ ዓመታት ቆይቶ ሞዴሉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እኔ ባለሁለት ቱቦውን ኤፖክሲ ነው የተጠቀምኩት። እርሳስ ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ለጠፋው እግር የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጬ ተከልኩ። ከዋናው ትንሽ ይወፍራል። ይወፍር።

መጋጠሚያዋ ላይ የቀረውን ክፍተት የሞላሁት በራሷ ፕላስቲክ ነው። ያን ቁርጥራጭ ይዞ የመጣውን ዘንግ አትጣሉት። ከትፋችሁ የመኪና ቀለም ቤት ቲነር ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩት። ሲያድር እንደ ገንፎ ይሆናል። ይህን ስትቀቡ የታችኛውን ፕላስቲክ ራሱን አሟሙቶ አብሮት አንድ ይሆናል። የሞዴል ሙጫም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ማጣበቅ ከማለት መበየድ ማለት ይሻላል። ታዲያ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ከመፋቃችሁም በፊት ጥቂት ቀን ታገሡ፣ ሲደርቅ ይሰምጣልና።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነጭ ነው፣ ቀባሁት። የጎዳኝ ቫርኒሹ ነው። ነሐሴ ላይ ደሴ እህቴ ቤት ይዣት ሄጄ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቧል፣ ዝናቡ አያባራም። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ስፕሬዩን ረጨሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኗም ጉም ለበሰች። እርጥበት ያለው አየር ላይ እንዲህ ዓይነት ቫርኒሽ ይነጣል። ራሴን አልኮነንኩም፣ አልፋቅሁትምም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ጥቅምት ሲጠባ በደረቅ ፀሐይ ቀለል አድርጌ ደገምኩበት። አዲሱ የታችኛውን አሟሙቶት ጠራ። ድሮ ብሆን ኖሮ ያ ነጭ ጉም ሌላ አሥር ዓመት ይበላ ነበር።

ገላዋ ላይ የሚለጠፉት፣ ከወረቀታቸው በውሃ የሚላቀቁት ምልክቶች ደግሞ ቢጫ ሆነው ነበር። በፌስታል አድርጌ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው፤ ፀሐይዋ በሁለት ሳምንት አነጣቻቸው። አሮጌ ስለሆኑ ውሃ ሲነካቸው እንዳይፈረካከሱ ከላይ ቫርኒሽ ቀድመው መቀባት፣ መጀመሪያም የማታስፈልገዋን አንዷን መሞከር ነው። ይህን ሁሉ አድርጌም የምሥራቅ ጀርመኑ አየር መንገድ የኢንተርፍሉግ ስም አንድ ጎን ላይ ሁለት ፊደል ጎደለ። አየር መንገዱ ራሱ ከጀርመን ውህደት በኋላ ተዘግቷል። በዚያ በኩል ወደ ግድግዳው አዙሬያታለሁ።

በቀን ስንት ሰዓት ሠራህ ትሉኝ ይሆናል። ቤታችን ቡና ሲፈላ አቦል ላይ እጀምርና በረካ ሲቀዳ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ በላይ ከተቀመጥኩ እቸኩላለሁ፣ ስቸኩል ደግሞ አፍንጫ ባዶ እዘጋለሁ። ሌላው፣ አንዱ ቆሞ ሳለ አዲስ ካርቶን አትክፈቱ። አዲስ ካርቶን የሚጣፍጠው እስካሁን ጥፋታችሁ ስለሌለበት ብቻ ነው። በስልክ የምታዩዋቸው እንከን የለሽ ሞዴሎችም ጥሩ ናቸው፣ እኔም አያለሁ። ሥራ ስጀምር ግን ስልኩን ሌላ ክፍል አኖረዋለሁ። የሰው ሥራ እያዩ የራስን መፋቅ መጨረሻ የለውም።

ባለፈው ወር ያ ጎሚስታ በቤቴ ደጃፍ ሲያልፍ ጠርቼ አስገባሁት። አውሮፕላኗን አሳየሁት። በሦስት ጎማዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጎንበስ ብሎ ዙሪያዋን አየ። በጣቱ ጅራቷን ጫን አደረገና ለቀቀ፤ አፍንጫዋ ተነስቶ ተመልሶ ጠብ አለ። እንደገና ጫን አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የኔ እርሳስ ነው?» አለኝ። «ያንተው ነው» አልኩት። «ታዲያ ባላንስ የሠራሁበትን አትከፍለኝም?» አለና ቡናውን ሊጠጣ ተቀመጠ።