በሥራ ላይ ሳለ የተነቀለ ዲስክ ከርነሉን እንዳይጥል

ጥያቄ፦ ለዩኤስቢ ማከማቻ የሊኑክስ ብሎክ ድራይቨር (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ዲስክን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጽፌ ነበር። ማውንት የተደረገው (ፋይሎቹ እንዲከፈቱ ከሲስተሙ ጋር የተያያዘው) ዲስክ ሲነቀል ወዲያው ምንም አይታይም፤ አንማውንት ሳደርግ ግን ከርነሉ ይወድቃል። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ከነቀልኩት ደግሞ ዕቃው ሲነቀል ከርነሉ የሚጠራው የዲስኮኔክት ፈንክሽን ሳይመለስ ይቀራል። በዲስኮኔክት ውስጥ ዲስኩን ከከርነሉ የሚያስወጣውን «ዴል_ጀንዲስክ»ን (del_gendisk) ጠርቼ፣ ቀጥሎ የዲስኩን መረጃ የያዘውን ስትራክት ሜሞሪ በሚለቀው «ኬፍሪ» (kfree) እለቃለሁ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር የመጣው የዕቃው ዕድሜና ዕቃውን የሚወክለው ስትራክት ዕድሜ እንደ አንድ ስለተቆጠሩ ነው። ዕቃው በተነቀለበት ቅጽበት ያበቃለታል፤ ስትራክቱ ግን ዲስኩን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ወይም ማውንት የተደረገ ፋይል ሲስተም እስካለ ድረስ መቆየት አለበት። አንማውንት ሲያደርጉ የሚጠራው የሪሊዝ ፈንክሽን ቀድሞ የተለቀቀ ሜሞሪ ስለሚነካ ከርነሉ ይወድቃል። ስለዚህ ዲስኮኔክት ሥራውን ያስቁም፣ በመጨረሻም የድራይቨሩን ይዞታ ብቻ የሚለቀውን «ፑት_ዲስክ»ን (put_disk) ይጥራ፤ ስትራክቱን የመልቀቁን ሥራ ግን የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲዘጋ ከርነሉ ለሚጠራው «ፍሪ_ዲስክ» (free_disk) ይተዉለት።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። «ዴል_ጀንዲስክ» በመንገድ ላይ ያሉ ጥያቄዎች (ወደ ዲስኩ የተላኩ የማንበብና የመጻፍ ትእዛዞች) በሙሉ እስኪጠናቀቁ ድረስ ይጠብቃል። ድራይቨሩ በስህተት የተመለሰን ጥያቄ «እንደገና ልሞክር» ብሎ ወደ ወረፋው የሚመልስ ከሆነ፣ ዕቃው ስለሌለ ሙከራው ማብቂያ አይኖረውም፤ ወረፋው ለጊዜው በሚያቆመው በ«ኳይስ» (quiesce) ታግዶ ከቆየም ውጤቱ ያው ነው። በመሆኑም በቅድሚያ «ዕቃው የለም» የሚል ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ የሚነበበውም ጥያቄው ወደ ዕቃው በሚላክበት በዚያው ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ በማንበቡና በመላኩ መካከል ዕቃው ሊነቀል ይችላል። ከዚያም «ብሎክ_ማርክ_ዲስክ_ዴድ»ን (blk_mark_disk_dead) ጠርተው አዲስ ጥያቄ እንዳይገባ ይዝጉ፣ የታገደውን ወረፋ ይክፈቱ፣ የቀሩትንም በስህተት ያጠናቅቁ፤ «ዴል_ጀንዲስክ» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታይመሮችንና የወርክ ኪው ሥራዎችን (ቆይተው እንዲሠሩ የተቀጠሩትን) መጨረሳቸውን በሚጠብቀው፣ በ«ሲንክ» በሚያበቃው ዓይነት ይሰርዙ፤ ሆኖም ሥራው ራሱ የሚፈልገውን ሎክ ይዘው ከጠበቁ ሁለቱም እንደተፋጠጡ ይቀራሉ።

ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ዕቃ የሚሻገሩ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የተነቀለ ዕቃ ሪጅስተር (ዕቃው ሁኔታውን የሚያሳይበት ቦታ) ሲነበብ ባለ 32 ቢቱ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ቢቶቹ 1 ሆነው ይመጣል፤ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው ቢት እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሉፕ ገደብ ካልተበጀለት ለዘላለም ይዞራል። ይህን ስህተት በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዕቃዎችን በፋይል መልክ በሚያሳይበት ቦታ) ባለው «ሪሙቭ» ፋይል ላይ 1 ጽፎ መፈተን አያጋልጠውም፤ ዕቃው ገና በቦታው ስላለ በትክክል ይመልሳል።

የእርስዎን ድራይቨር ካሳን (KASAN፣ የተለቀቀ ሜሞሪ መነካቱን የሚያጋልጥ) እና ሎክዴፕ (lockdep፣ የሎክ መፋጠጥን የሚያጋልጥ) በበሩበት ከርነል ላይ፣ ወደ ዲስኩ መረጃ እየተጻፈ ሳለ በእጅ እየነቀሉ ይፈትኑት፤ ከነቀሉ በኋላም አንማውንት ማድረጉን አይዝለሉ።