ፋይሉ እያለ «የለም» ለሚልህ ወንድም

«ለአሮጌ የአርም ቦርድ (የአርም ፕሮሰሰር ያለው፣ ሊኑክስ የሚያሄድ ትንሽ ኮምፒውተር) የተሠራ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ገልብጬ ሳስነሳው ‹ፋይሉ የለም› ይለኛል፤ ፋይሉ ግን አለ» ያልከውን አየሁ። እዚሁ ባሕር ዳር እኔንም አቃጥሎኛል።

1. ፋይሉማ አለ። የጠፋው ፕሮግራሙን የሚጭነው ሎደር ነው። አርም ላይ ፕሮግራሞች እርስ በርስና ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የሚግባቡበት ደንብ ሁለት ነው፤ አሮጌው ኦኤቢአይ (OABI)፣ አዲሱ ኢኤቢአይ (EABI)። አሮጌው ኤልዲ-ሊኑክስ ዶት ኤስኦ ዶት 2 (ld-linux.so.2) የሚባለውን ሎደር ይፈልጋል፤ አዲሱ ላይ ያለው ዶት 3 ነው። በሪድኤልፍ (readelf፣ የፕሮግራም ፋይልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ) ክፈተው፣ የሚፈልገውን ስሙን ጠርቶ ይነግርሃል።

2. «ከርነሉ ላይ ኦኤቢአይ ኮምፓትን አብራው፣ አለቀ» የሚሉህን አትስማ። ይህ አሮጌ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚፈቅድ የከርነል ምርጫ የሚያስታርቀው የሲስተም ኮሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቅበትን ጥሪ ነው። አሮጌው የጥሪውን ቁጥር ስዊ (swi) የሚባለው የጥሪ ትእዛዝ ውስጥ ይከታል፣ አዲሱ አር7 በሚባል ሬጂስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ያስቀምጣል። ሎደርና ላይብረሪ ግን አያመጣልህም። ሶርስ ኮዱ ካለህ እንደገና ኮምፓይል አድርገውና ተገላገል።

3. እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሐይቁ ዳር የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር አለ። እሱን የሚያነበው አሮጌ ቦርድ እዛው ቀረ፤ ቁጥሩን በኬብል የሚቀበለውን ቦርድ ብቻ በአዲስ ቀየርኩ። በማግስቱ ስክሪኑ ላይ 0.00! ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ በአንድ ሌሊት አደረቅሁት። ያሠራኝ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በመስኮት ታንኳዎቹን እያሳየ «ታዲያ እነዚህ በምን ላይ ነው የሚሄዱት?» አለኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ሴንሰሩ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። በራሴ ብር ሌላ አስመጣሁ፣ ሁለት ወር ጠበቅሁ፣ ገጠምኩ። 0.00።

ጉዱ ያለው ዳብሉ (ባለ ነጥብ ቁጥር በስምንት ባይት የሚቀመጥበት ዓይነት) ላይ ነው። ስምንቱን ባይት ሲያስቀምጥ አሮጌው ከፍተኛውን አራት ያስቀድማል፣ አዲሱ ዝቅተኛውን። 1786.25 እንዲህ ተገለባብጦ ሲነበብ ከዜሮ የማይለይ ኢምንት ቁጥር ይሆናል። አራት አራቱን ባይት አቀያየርኩ። ሦስት መስመር ኮድ! ሐይቁ ተመለሰ። ያ ኃላፊ «ድሮም ኬብሉ ነው ብዬ ነበር» አለ፤ ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ስትራክት (ብዙ ዋጋዎች አንድ ላይ የታሰሩበት) የምትልክ ከሆነም መጠኑን ሁለቱም ቦርድ ላይ አሳትመህ እይ። ሦስት ቻር (ባለ አንድ ባይት ዋጋ) ብቻ ያለው አሮጌው ላይ 4 ባይት ነው፣ አዲሱ ላይ 3።

ምንም ያልሆነው የመጀመሪያው ሴንሰር እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።