ከክር ወደ ወንበር

ልጆቼ፣

34 ዓመት ፈትል ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ጆሮዬ በማሽን ጩኸት ደንቁሯል፤ ስታወሩኝ ጮክ በሉ። በቀደም አንድ ወጣት "ጋሼ፣ መጀመሪያ ቢዝነስ ሠርቼ ገንዘብ ልያዝ፣ ከዚያ ፖለቲካ ልግባ፣ ምን ይሉኛል?" አለኝ። እኔም የአንድ ስኮትላንዳዊ ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከርክማን ፊንሌይ ይባላል፣ የግላስጎው ሰው ነው። የአባቱን የንግድ ቤት ገና ለጋ ወጣት ሳለ ተረከበ። ከዚያ እስከ 1808 ባለው ጊዜ ባሊንዳሎክ፣ ካትሪንና ዲንስተን በሚባሉ የስኮትላንድ ቦታዎች የነበሩትን የጥጥ ፋብሪካዎች ገዛ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካዎቹን የሚያዞረው የወንዝ ውኃ ነበር።

ሰውየው ዝግ በር አይወድም። ናፖሊዮን በ1806 አውሮፓን ለብሪታንያ ሸቀጥ ሲዘጋ፣ እሱ ዕቃውን በኮንትሮባንድ አስገባ። የሕንድን ንግድ አንድ ኩባንያ ብቻውን ይዞት ሲያገኝ ደግሞ "ይህ ለምን ይሆናል?" ብሎ የግላስጎው ነጋዴዎችን አስተባብሮ ተነሣ። ፓርላማው በ1813 የሕንድን በር ከፈተ። በ1816 የፊንሌይ መርከብ ከክላይድ ወንዝ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ቦምቤይ ሄደች። እዚህ ድረስ ብጨርሰው ደስ የሚል ታሪክ ነበር።

በ1812 የከተማው ከንቲባና የፓርላማ አባል ሆነ። ሕዝቡ ከደስታው ብዛት የሠረገላውን ፈረሶች ፈትቶ፣ ራሱ እየጎተተ ቤቱ አደረሰው። ይቺን ሠረገላ እንዳትረሷት።

በዚያው ዓመት የግላስጎው ሸማኔዎች ሕግ ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ። በድሮው ሕግ ዳኞች ተገቢ ደመወዝ መወሰን ይችሉ ነበር፤ ወሰኑላቸውም። አሠሪዎቹ ግን አንከፍልም አሉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሸማኔዎች ሥራ አቆሙ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ሕጉም በ1813 ተሻረ። "ዋጋን ገበያ ይወስን" ተባለ። እሺ ይሁን። ግን በ1815 የአገሩ እህል በጣም ካልተወደደ በቀር የውጭ እህል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ሲመጣ፣ የነፃ ንግድ ሰው የተባለው ፊንሌይ ደገፈው። ለሸማኔው ጉልበት ገበያ፣ ለባለርስቱ እህል አጥር! ግላስጎው ተቆጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ሠረገላውን የጎተተ ከተማ የቤቱን መስኮቶች ሰባበረ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው እኔን የሚከነክነኝ። መስኮቱ ለምን እንደተሰበረ ከመጠየቅ ይልቅ ከሠራተኞቹ መካከል ወሬ የሚያመጣለት ሰላይ ቀጠረ። ሰላዩ አሌክሳንደር ሪችመንድ ይባላል፤ ራሱ ሸማኔ፣ በ1812ቱ አድማ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረ። ወሬው በፊንሌይ በኩል ለንደን፣ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይደርስ ነበር። በ1817 አንድ ሸማኔ ሰዎችን ሕገወጥ መሐላ አስምሏል ተብሎ ተከሶ ሲቀርብ፣ የዐቃቤ ሕጉ ምስክር እዚያው ችሎት ላይ "እንድመሰክር መደለያ ቀርቦልኛል" አለና ክሱ ፈረሰ።

ፊንሌይ ክፉ ሰው ነበር እያልኳችሁ አይደለም። ለጋስ ነበር ይባላል፣ ዛፍ መትከልም ይወድ ነበር። እኔ የምለው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሂሳብ መዝገቡን ቤቱ ትቶ አልመጣም። እንደ እኔ ግምት ሰውን አያታልልም ነበር፤ ከልቡ ያምንበት ነበር። ችግሩም እሱ ነው። እምነታችሁና ኪሳችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር የሚናገሩ ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ ማን ማንን እያስጠና እንደሆነ መርምሩ። ከዚያ ደግሞ የማትወዱትን ሰው ጠይቁ። ሚስታችሁን ወይም ባላችሁን ሳይሆን፣ ማሽኑ ላይ የቆመውን ሰው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። የክፍል ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ባዘቶ ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ብናኙ ደረታችንን ጨረሰው፣ ጭምብል ይገዛልን ብለው ጻፉ። ሳሉን በጆሮዬ እሰማው ነበር። ነገር ግን ወጪው ከእኔ ክፍል በጀት ላይ ነበር የሚነሣው። ጉርሻዬም ከበጀቱ ጋር የተያያዘ ነበር። "በአሁኑ ጊዜ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም" ብዬ ፈረምኩ። ስፈርም ለፋብሪካው የቆረቆርኩ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጭምብሉ በቀጣዩ በጀት ዓመት ተገዛ። ያስገዛው ከእኔ በኋላ የመጣው ልጅ ነው።