400 ሺው ብር የማን ነው?

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በማኔጅመንት ተመርቀህ ሥራ ስታጣ፣ ደሴ ያሉት አጎትህ ቤት ድለላ ውስጥ አስገቡህ። አሁን ሆጤ አካባቢ ቤታቸውን የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አሉ። እሳቸው የጠየቁት 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው። ገዢው ደግሞ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ሊከፍል ተስማምቷል። አጎትህ «ውክልና ይስጡንና እኛ እንፈርማለን፤ ከገዢው ጋር አታገናኛቸው፤ 400 ሺዋ የኛ ናት» አሉህ። «ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ምን ላድርግ?» ትለኛለህ።

አብሽር፣ ገና አልተፈረመም።

400 ሺው የሴትዮዋ ነው። ይህን የምልህ እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ ጥቅም ማግኘት አይችልም። አንቀጽ 2209ን አውጥተህ አንብበው።

አክስቴ ሸዋ በር የነበራትን ቤት በደላላ ሸጠች። ብሩን የተቀበለች ዕለት ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ ደላላውን ቆማ መረቀችው። ከወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ከገዢው ሚስት አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ በየዋህነት የከፈሉትን ነገረቻት። አክስቴ ቤት ስትመለስ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ብሩስ ብር ነው፤ እንዲያ አድርጌ መመረቄ ነው የሚያንገበግበኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ለዚያ ደላላ የሚሸጥ ቤት የሰጠው አላየሁም። ደሴ እኮ ሰው ቤት ሊሸጥ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያማክረው ጎረቤቱን ነው።

ሥራውን ተወው አልልህም። ደላላ ያስፈልጋል፤ ድካሙም ዋጋ አለው። ኮሚሽንህን ግን ከሁለቱም ወገን ጋር አስቀድመህ፣ በጽሑፍ ተስማማ። ፈቃድ አውጣ። ከዚያ እንጀራህ የሚሆነው ሰነድ ማጣራት ነው። ካርታው የማን ነው? ቤቱ በባንክ ብድር ተይዟል? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርማሉ? የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ያውቃሉ? ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ካለ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ጠይቅ፤ ሰውዬው ከሞተ ውክልናውም ባብዛኛው አብሮት ያበቃል።

በተለይ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ሲመጣልህ ተጠንቀቅ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገበሬ ማሳ ሸንሽኖ «ነገ ካርታ ይወጣለታል» ብሎ ማሻሻጥ ሰው ገደል መክተት ነው። ገበሬው ማሳውን ያጣል፤ ገዢው የጨረቃ ቤት ሠርቶ ግሬደር ይጠብቃል። ያ ገዢ ደግሞ አንዳንዴ ጂዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት እየሠራች ብር የምትልክ የወሎ ልጅ ናት። በስልክ ፎቶ ብቻ አይታ ታምንሃለች። እባክህ፣ ካርታ ለሌለው ቦታ የሷን ብር አትንካ።

ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም አለ፤ ግብር ለመቀነስ ተብሎ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ይሆናል። እሱን አትንካው።

ድለላው ካልተመቸህ ሌላም በር አለ። ባንኮች ለመያዣ የሚቀርብ ንብረት የሚገምት ሰው ይፈልጋሉ፤ አሁን የምትለምደው ሰነድ ማጣራት እዚያም ይጠቅምሃል።

አጎትህን ሰው ፊት አትከራከራቸው። ብቻቸውን ስታገኛቸው «ጋሼ፣ ዋጋውን እንንገራቸውና ኮሚሽናችንን በግልጽ እንጠይቅ» በላቸው። እምቢ ካሉ ከጉዳዩ ውጣ። ሴትዮዋ ግን ገዢው ስንት ሊከፍል እንደተስማማ ከአንተ አፍ ይስሙ፤ ውክልናው ላይ ከመፈረማቸው በፊት።